ሻለቃና በርሜሉ

ሰኞ፣ ዝናቡ የገባ ዕለት

በረንዳችን ጭቃ በጭቃ ሆኗል። የመጣው ሁሉ ጫማውን እኛ ደፍ ላይ ይጠርግና «ግማሽ ሊትር» ይላል። መብራት ከጠፋ ወዲህ ነጭ ጋዝ እንደ ዳቦ ነው የሚሸጠው። አባዬ ደስ ብሎታል። ደስ ሲለው ደግሞ ትርኢት ያበዛል።

ትርኢቱ እንዲህ ነው። የበርሜሉ ቧንቧ ከተሰበረ ቆይቷል፤ አያሠራውም። «ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ አፍ አያንጠባጥብም» ይላል። ቱቦ በርሜሉ ውስጥ ይከትታል፣ በአፉ ይስባል፣ ጋዙ ጥርሱ ጋ ሊደርስ ሲል በአውራ ጣቱ ድፍን ያደርገዋል፣ ወደ ቀኝ ዞሮ ቱፍ ይላል፣ ከዚያ የደንበኛውን ጠርሙስ ይሞላል። «ዕድሜዬን ሙሉ አንዲት ጉንጭ አልዋጥኩም» ይላል። የጠየቀው የለም። ደንበኞቹ ግን ይስቃሉ። በየቀኑ ያንኑ ነገር እያየ በየቀኑ የሚስቅ ሰው ምን እንደሚባል አላውቅም።

ከሁሉም የሚብሰው ሻለቃ ነው። የወንድሜ ልጅ ነው፤ ሁለት ዓመት አልሞላውም። ቤቱን በሙሉ በጣቱ ስለሚያዝ ሻለቃ ያለው አባዬ ነው። ጠዋት ጠዋት የተገለበጠ ሣጥን ላይ ቁጭ ብሎ አያቱን ያያል። አባዬ ቱፍ ሲል እሱም ቱፍ። ምራቁ አገጩ ላይ ይቀራል፤ እናቱ ትጠርግለታለች። ዝም ብላ። ሁሉንም ነገር ዝም ብላ ነው የምታደርገው።

ልጅ ከወለደችም በኋላ አብራን የምትኖረው አክስቴ እናቱን እስከ ዛሬ «ሙሽሪት» ነው የምትላት። እንግዳ መሆኗን እንዳትረሳ ነው። እሷም «አቤት» ትላለች። ወንድሜ ግንበኛ ነው፤ ሥራው ሩቅ ስለሆነ በወር አንዴ ይመጣል። ባሏ በሌለበት ቤት አቤት እያሉ መኖር። እኔ ብሆን... እኔም አቤት እል ነበር። በልቤ ግን አልልም።

ረቡዕ

ሲስተር ከጤና ጣቢያው መጥታ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሴቶቹን ሰበሰበች። ድምፅ ማጉያ ይዛለች። ከፊቷ የተቀመጡት ሴቶች እጃቸውን ቢዘረጉ ይነኳታል፤ እሷ ግን በድምፅ ማጉያ።

ጋዝ ነው ጉዳዩ። ከላይኛው መንደር ውሃ መስሏቸው ጋዝ የጠጡ ሕፃናት መጥተውባታል። በውሃ ጠርሙስ አታስቀምጡ፣ ከፍ አድርጋችሁ ቆልፉ። ልጁ ከጠጣ ደግሞ እንዳታስመልሱት፣ ወተትም ዘይትም እንዳትሰጡ፣ ብቻ ይዛችሁ ሩጡ። ሴቶቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ «እሺ ሲስተር፣ እሺ ሲስተር» አሉ። እሺ ሲሉ ሐሳባቸው እህላቸው ላይ ነው፤ ወረፋቸው እንዳያልፍ።

አክስቴ በመንገድ ላይ፣ «የትናንት ልጅ! ሳትወልድ ልጅ ልታሳድግ። ስንቱን በወተት ያዳንነው እኛ» አለች።

«እሷ ግን እንዳታስመልሱ ነው ያለችው» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ምንም።»

ዓርብ

ዛሬ ተሳቀልኝ። ብዙ ጊዜ ሰው አይስቅልኝም፤ ስለዚህ ልጻፈው።

ልብስ አጥባለሁ። ሻለቃ አረፋው ውስጥ እየገባ አላሠራ አለኝ። አባዬ አዲሱን ቱቦ ሲያስተካክል ቆርጦ የጣላት ስንዝር የምታህል ቁራጭ አገኘሁ። በሳሙና አጠብኳት። በፈላ ውሃም ጭምር፤ ንጹሕ ነበረች። ውሃ በጣሳ አድርጌ «በል እንደ አያትህ» አልኩት። መጀመሪያ ነፋ። ከዚያ እኔ ስቤ አሳየሁት። ሳበ። ጉንጩን ነፍቶ ወደ ቀኝ ዞረና ቱፍ አለ። ወደ ቀኝ።

አክስቴ ወገቧን ይዛ ሳቀች። ባለወፍጮውን ጠራችው፤ ልብስ ሰፊውንም ጠራችው። ሻለቃ ጣሳው እስኪደርቅ ደጋገመላቸው። አባዬ ከረሜላ ሰጠውና «ወራሼ ተገኘ!» አለ። «ማነው ያስተማረው?»

«እኔ» አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ግን ክፉ አልነበረም።

ሙሽሪት ብቻ አልሳቀችም። ማታ ቁራጯን ከእጁ ወስዳ ከመደርደሪያው በላይ ሰቀለቻት። «ኋላ ልማድ ይሆንበታል» አለች፤ ለኔ ሳይሆን ለግድግዳው። ቅናት ነው። ልጇ ከኔ ጋር ሲስቅ አልወደደችም።

ቅዳሜ

ሻለቃ ሲያለቅስ ቁራጯን አወረድኩለት። ዝም አለ። አየሽ፣ ሙሽሪት።

ማክሰኞ

ጋዝ። ሻለቃ ጋዝ ጠጣ። ጤና ጣቢያ ነን። ደብተሩን ከጨርቁ ጋር አፍሼ ነው የመጣሁት፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ይተነፍሳል። ግን ቶሎ ቶሎ።

ማክሰኞ ማታ

ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ነኝ። ሙሽሪት ውስጥ አብራው ናት። አፍንጫው ላይ ቀጭን ላስቲክ አድርገውለታል፤ አየር ይሰጠዋል። የደረቱ አጥንት በየትንፋሹ ይገባል። እሱን አልጽፍም።

የሆነውን ልጻፍ። ሙሽሪት ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ነበር፤ አክስቴ ነች የላከቻት። አባዬ ለባለብስክሌቱ ቀድቶ ምሳ ሊበላ ገባ። ሻለቃን እኔ እያየሁት ነበር። ማለቴ ቅርብ ነበርኩ። የተቀደደ ቀሚሴን እሰፋ ነበር፤ መርፌ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ዓይኑ መርፌ ላይ ነው። ሳል ሰማሁ። ብቅ ስል በርሜሉ ሥር ቆሟል። ቱቦው እስከ ደረቱ ድረስ ተንጠልጥሏል፤ አባዬ ሚስማሩ ላይ አልሰቀለውም፤ ሰቅሎትም አያውቅ። ከቱቦው ጫፍ ጋዝ ይንጠባጠባል። የሻለቃ ሸሚዝ ርሷል። አፉ ይሸታል። አገጩን ወደ ቀኝ አዙሯል፤ ሳሉ ግን አላስተፋውም።

አክስቴ ደረሰች። «ወተት!»

«አክስቴ፣ ሲስተር እንዳታስመልሱ ብላለች» አልኩ። ብያለሁ። ግን ድምፄ የትንኝ ድምፅ ነው።

«ወተት ነው ያልኩሽ! ምን ይገትርሻል?»

አመጣሁ። ወተቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። በላዩ ዘይት ጨመረችበት፣ አጠጣችው፣ ጣቷን ጉሮሮው ውስጥ ከተተች። አስመለሰ። ሲያስመልስ ትን አለው። ከዚያ በኋላ ነው ከንፈሩ የጠቆረው፤ ከዚያ በፊት ቀይ ነበር።

አባዬ እየሮጠ ወጣ። ሌላ ሰው አላየውም፤ እኔ ነኝ ያየሁት። መጀመሪያ ያደረገው ልጁን ማንሳት አይደለም። ቱቦውን በእጅጌው ጠርጎ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው። ከዚያ ልጁን አነሣ።

ባለወፍጮው በሞተር አደረሰን። በጭቃው ውስጥ ሁለቴ ወደቅን። ሙሽሪት እንስራዋን መንገድ ላይ ጥላ፣ በባዶ እግሯ ከኋላ እየሮጠች፣ እኛ እንደደረስን ደረሰች። አላለቀሰችም። ሲስተርን ያየችበት ዓይን ግን... ተዉት።

ሐሙስ

ትኩሳት አለው። ዓይኑን ገልጦ እኔን አይቶ መልሶ ጨፈነው።

ሲስተር ዛሬ ድምፅ ማጉያ አልያዘችም። ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፤ ያ ደግሞ ይከፋል። «ጋዝ ሆድ ውስጥ ቢቀር ይሻለው ነበር። ስታስመልሱት ነው ሳንባው ውስጥ የገባው። ማነው ያስመለሰው?»

አክስቴ፣ «በራሱ ነው ያስመለሰው ልጄ» አለች። ዓይኗ አልተንቀሳቀሰም። እኔ ጫማዬን አየሁ።

«ጋዙንስ ከየት አገኘው?»

«እናቱ ለፋኖስ በውሃ ጠርሙስ ታስቀምጣለች። ስንቴ ተናግሬያለሁ።»

ሲስተር ሙሽሪትን ቀና ብላ አየቻትና ተነፈሰች። ጠርሙስ ብላ ነው ያስተማረችው፤ ጠርሙስ ሲሏት አመነች። የምታውቀውን መልስ የነገሯት አስተማሪ ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ትምህርት ቤትም እያለሁ አይቻለሁ።

የሙሽሪት ጠርሙስ መደርደሪያው ላይ ነው። ከትናንት በስቲያ ለጨርቅ ስገባ አይቼዋለሁ፤ ክዳኑ እንደተጠመዘዘ፣ እስከ አንገቱ ሙሉ።

ሙሽሪት ምንም አላለችም። አፍ የላትም እንዴ? እንደዚህ ዓይነት ሰው ያናድደኛል። በግ እንኳ ሲጎትቱት ይጮኻል።

ቅዳሜ

ልብስ ልወስድ ቤት መጣሁ። ቤቱ ሰው በሰው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። እያንዳንዷ አንድ መድኃኒት ይዛ መጥታለች፤ ልጁ ግን እዚህ የለም።

«እናት ተብላ!» ትላለች አንዷ።

«የዘንድሮ ሴት ጠርሙስና ጡጦ አትለይም።»

«እኔስ ብነግራት ጆሮዋ ድንጋይ» ትላለች አክስቴ። «ልጄ ከሥራው ይምጣና፣ ወደ አባቷ ቤት ትሂድ። ሻለቃን እኔው አሳድገዋለሁ።»

እሷ። በዚያው ጣቷ።

አባዬ በረንዳው ላይ ይቀዳል። ሳበ፣ ደፈነ፣ ቱፍ። ደንበኛው ልጁ እንዴት ነው አለው። «እግዜር ያውቃል» አለ አባዬ። አፉ ጋዝ ጋዝ እየሸተተ።

ቁራጯን ቱቦ ከሣጥኑ ሥር አገኘኋት። ሽንት ቤት ጣልኳት። ቆሻሻ ነበረች።

ሰኞ

ሻለቃ ውሃ ጠየቀ። በጣቱ፣ እንደ ልማዱ። ሲስተር በማንኪያ ስትሰጠው ማንኪያዋን ገፍቶ ጽዋውን አመለከታት። «ይኼስ ዳነ» አለች ሲስተር፤ ሳቀች። ስትስቅ ልጅ ናት፤ ከኔ ብዙም አትበልጥ።

ማታ ሙሽሪት ጨርቅ እያጣጠፈች፣ «ያቺ ቁራጭ የት ገባች?» አለችኝ።

«የቷ?»

አላየችኝም። ጨርቁን ለአራት አጠፈች፣ እንደገና ዘረጋች፣ እንደገና አጠፈች።

«ተዪው» አለች።

እንዴት ያለች ሰው ናት? ሰው ከጠየቀ ይጠይቃል፤ ካልጠየቀ ይተዋል።

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ታውቃለች። ከመጀመሪያውም ታውቃለች። ሲስተር ስትጠይቅ፣ አክስቴ ስትዋሽ፣ ይህን ሁሉ ቀን በአንድ ቃል መዳን ስትችል። «እሷ ናት ያስተማረችው» ብትል ኖሮ አልቆ ነበር። ለምን አትልም? እኔ ብሆን እል ነበር። እኔ መቼም እል ነበር።

ረቡዕ

ቤት ገባን። ሻለቃ ከስቷል፣ ሲስቅ ያስለዋል። ሣጥኑ ላይ ካልተቀመጥኩ አለ። አነሣሁት፣ ጮኸ።

ወንድሜ መጣ። ልጁን አቅፎ ረጅም ጊዜ አንገቱን አሸተተው። ለሚስቱ ሰላም አላላትም። ከኔ በፊት አክስቴ አግኝታዋለች ማለት ነው፤ አፍ ዳገት አይፈራም። እሁድ ሽማግሌ ይቀመጣል ተባለ። ባለወፍጮውና ልብስ ሰፊው። ሽማግሌ! አንዱ በወፍጮው ጩኸት ደንቁሯል፣ ሌላው ስለ ሰው የሚያውቀው የወገብ ልኩን ነው።

ሙሽሪት ልብሷን አንሶላ ውስጥ ቋጥራ በሩ አጠገብ አስቀምጣለች። ገና ሳይፈርዱባት። ትንሽ ናት ቋጠሮዋ።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉ የለ። ዳዋዋ ግን አፍ ነበራት።

እሁድ

ሁሉንም ልጽፍ ነው፤ አንዱን ሳልደብቅ።

ሻይ አቅራቢዋ እኔ ነበርኩ። ሽማግሌዎቹ አግዳሚው ላይ፣ አባዬና ወንድሜ ፊት ለፊት፣ አክስቴ መሃል እንደ ዳኛ። ሙሽሪት በሩ ጋ መሬት ላይ፣ ሻለቃ ጭኗ ላይ።

ልብስ ሰፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ልጄ፣ ሰው ይሳሳታል። ጠርሙሱን መሬት ትተሻል ነው የሚሉት። ምን ትያለሽ?»

«የምለው የለኝም አባባ» አለች።

«አያችሁ?» አለች አክስቴ። «አመነች።»

«አላመንኩም። የምለው የለኝም ነው ያልኩት።»

ያን ጊዜ ከውጭ ደንበኛ ጠራ። አባዬ «አንድ ጊዜ» ብሎ ተነሣ። በሩ ክፍት ነው፤ ሁላችንም እናየዋለን። ቱቦውን ያዘ። ሳበ። ደፈነ። ቱፍ። ሻለቃ ከእናቱ ጭን ቀና አለ፣ ከንፈሩን አሾለ፣ አየሩን ሳበው፣ ጉንጩን ነፋ፣ ወደ ቀኝ ዞረና ቱፍ አለ። ከዚያ ሳለ።

ሳቁ። በእግዜር ስም፣ ሳቁ። «ሻለቃ አልረሳትም!» አለ ባለወፍጮው ጉልበቱን እየመታ። አክስቴም ሳቀች፣ ወንድሜ እንኳ ፈገግ አለ። ከዚያ ልብስ ሰፊው ሳቁን ጠርጎ፣ «እና እንዳልኩት፣ የጠርሙሱን ነገር...» ብሎ ቀጠለ።

ፊታቸው ላይ አድርጎ አሳያቸው እኮ። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ምስክርነቱን ሰጠ፤ እነሱ ስለ ጠርሙስ ያወራሉ።

ሙሽሪት እኔን አየችኝ። አልለመነችኝም። ልክ ጨርቅ አጣጥፋ ስትጨርስ እንደምታየው ነው ያየችኝ።

«ጠርሙስ አይደለም» አልኩ።

የሰማኝ ያለ አልመሰለኝም። ግን ልብስ ሰፊው ዞረ። «ምን አልሽ?»

«ከበርሜሉ ነው የጠጣው። በቱቦው። መሳብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እናቱ ቁራጯን ወስዳ ሰቅላ ነበር፤ አወረድኩለት።»

በቃ፣ አለቀ አልኩ።

ባለወፍጮው እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ ልብስ ሰፊው ዘንበል አለ። «ምን አለች?»

ልብስ ሰፊው ሻዩን አነሣ።

«ምን አለች ነው የምለው? ድገሚው እስቲ ልጄ፣ አልሰማሁም።»

አክስቴ፣ «ምንም አላለችም፣ ልጅ ናት» አለች።

ትሪውን መሬት አስቀመጥኩ። እንደ ሲስተር ድምፅ ማጉያ ቢኖረኝ ብዬ ተመኘሁ፤ እውነቴን ነው። ከዚያ ጮህኩ። ለባለወፍጮ ሲሆን መጮኽ ነው፣ ሌላ መንገድ የለም። «ከበርሜሉ ነው የጠጣው! መሳብ እኔ ነኝ ያስተማርኩት! እናቱ ከልክላ ነበር! አክስቴ ናት ያስመለሰችው፣ ወተቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ! አባዬ ቱቦውን አንጠልጥሎት ነው የገባው! እናንተም ስቃችኋል፣ አባባ! እዚሁ ቆማችሁ!»

ባለወፍጮው እጁን ከጆሮው አወረደ። አሁን ሰምቷል። ደንበኛውም ሰምቷል፤ ከነጠርሙሱ በሩ ላይ ደርቋል።

ማንም አልመታኝም። ብመታ ይሻል ነበር። አባዬ ገባና ቁጭ ብሎ አፉን በመዳፉ ጠረገ፤ ደጋግሞ፣ የማይለቅ ነገር ያለ ይመስል። አክስቴ «እኔ ለማዳን ብዬ...» አለች። አዘንኩላት ማለት እፈልጋለሁ። አላዘንኩም።

ባለወፍጮው፣ «ስቄያለሁ» አለ። «አሁንም ስቄያለሁ።» ኮፍያውን አንሥቶ ሻዩን ሳይጠጣ ወጣ። ስለሱ የጻፍኩትን ልሰርዝ አልኩና ተውኩት። ደንቆሮነቱ እንዳለ ነው።

ወንድሜ ወደ በሩ ሄደ። ቋጠሮውን አነሣው። ይዞ የሚወጣ መስሎኝ ነበር። ወደ ውስጥ መልሶ አልጋው ላይ አስቀመጠውና፣ ሚስቱን ሳያያት፣ «ፍቺው» አለ። «እባክሽ።»

ማታ እኔና እሷ ጽዋ ስናጥብ የምትለኝን ጠበቅሁ። ይቅርታም ስድብም ቢሆን። «ያኛውን አቀብይኝ» አለች። አቀበልኳት። በዚያው አለቀ።

በግ ብያት ነበር። እዚሁ ደብተር ላይ አለ።

ሰኞ

ባለብስክሌቱ በጠዋት መጣ። ግማሽ ሊትር።

አባዬ ቱቦውን ይዞ ቆመ። ቆመ። ከዚያ መሬት ጥሎት በርሜሉን አቅፎ ሊያዘነብል ታገለ፤ ግማሹን ጭቃው ጠጣው። «ምን ታይኛለሽ፣ ማጥለያውን ጠርሙሱ አፍ ላይ ያዢ እንጂ» አለኝ። ማጥለያውን ያዝኩ። ጋዙ እጄ ላይ ፈሰሰ። የሚያበሳጭ ሰውዬ፤ ቧንቧ ማሠራት እያለ።

ሻለቃ ሣጥኑ ላይ ነበር፤ እናቱ ከኋላው። ከንፈሩን አሹሎ አያቱን ይጠብቃል። አባዬ ጠርሙሱን ከደነ። ሻለቃ ጠበቀ። ባለብስክሌቱ ሄደ። ቢጠብቅ ቢጠብቅ የሚተፋ ጠፋ።

መጨረሻ ላይ ራሱ ወደ ቀኝ ዞሮ ቱፍ አለና፣ ፊታችንን አንድ በአንድ አየ።

ማንም አልሳቀም።